ጅማ ላይ ለባለፈረስ፣ ለባለበቅሎና ለባለአህያ የተግባር ቀን ቢኖረንስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በዋናነት ለጅማና ለዙሪያዋ ሰዎች ነው፤ ለመና፣ ለቀርሳ፣ ለሰቃ ጨቆርሳ፣ ለደዶ፣ እስከ አጋሮ ድረስ።

ሰሞኑን የላማና የአልፓካ ባለቤቶች በውጭ አገር ስለሚያዘጋጁት የተግባር ቀን ሳነብና ቪዲዮ ሳይ ነው የሰነበትኩት። እንስሳቱን ለማታውቋቸው፦ ላማና አልፓካ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች የመጡ የግመል ዘመዶች ናቸው። ላማ ትልቁ ነው፤ ይጫናል። አልፓካ አነስ ይላል፤ የሚረባው ለጸጉሩ ሲሆን በዓመት አንዴ ይሸለታል። ባለቤቶቹ በዕረፍት ቀን አንድ ሰው ግቢ ይሰበሰባሉ። ንግግር ብዙም የለም። አንዱ ጋ ጥፍር ሲቆረጥ ይታያል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ መቁረጫውን በየተራ እየተቀበለ በራሱ እንስሳ ላይ ይሞክራል። ሌላው ጋ እንስሳውን በገመድ እየመሩ በእንጨት ድልድይና በተጋደሙ አጣናዎች ላይ ያሻግሩታል፤ መኪና ላይ መውጣትና ሐኪም ፊት ረግቶ መቆም እንዲለምድ ነው። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ተቀምጧል፤ ሰው ከቤቱ ያመጣውን በጠጥ እያየ የትል እንቁላል ይቆጥራል።

ከሁሉ የገረመኝ የክሳት ምርመራው ነው። አልፓካ በጸጉር ስለሚሸፈን አጥንቱ እስኪወጣ ከስቶ እንኳ ለዓይን ወፍራም ይመስላል። ስለዚህ እጃቸውን ጸጉሩ ውስጥ አስገብተው አከርካሪውንና ጎድኑን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ከጎናቸው ያለው ሰው ከሰጠው ነጥብ ጋር ያስተያያሉ።

እኛ ላማ የለንም፤ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ግን አለን። ሐሙስ ጠዋት እህልና ከሰል ተሸክመው ወደ ጅማው መርካቶ ገበያ የሚገቡትን አህዮች ጀርባ ልብ ብሎ ላየ ሰው ገጣባው ብዙ ነው። እኔ እንደማምነው አብዛኛው ቁስል የሚመጣው ከአጫጫን፣ ከጠፍርና ከልጓም ነው። ይህን ባለቤቱ ራሱ በእጁ ሊያስተካክለው ይችላል፣ የሚያሳየው ካገኘ። ስለዚህ ሰው ከነእንስሳው መጥቶ በእጁ እየሠራ የሚማርበት ቀን ጅማ ላይ ማዘጋጀት አይቻልም ወይ? እንዲህ ያለ ነገር ያየ፣ የሞከረ አለ? የት ቢሆን፣ መቼ ቢሆን ይሻላል?

ምላሹ ከጠበቅኩት በላይ መጣ፣ ከርዕሱም ብዙ ጊዜ ወጣ። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደክም የተባለውን በቁጥሩ ተራ እዚህ አሰባስቤዋለሁ፤ የእኔንም ሐሳብ በየመሃሉ ጨምሬያለሁ።

ምላሽ 1፦ ቀድማ የጻፈችው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች። በትሕትና አመስግና ጀመረች። ክሊኒክ ተራዋ ሲደርስ ካየቻቸው ፈረሶችና አህዮች የሚበዙት ቁስለኞች እንደነበሩ፣ ቁስሉም ሦስት ቦታ ላይ እንደሚደጋገም ገለጸች፤ ጀርባ ላይ ከጭነቱ ሥር፣ ደረት ላይ ጠፍሩ በሚያርፍበት፣ ከዚያም ከጅራት ሥር ገመዱ በሚያልፍበት። የናይለን ገመድ በዝናብ ርሶ ሲደርቅ ቆዳ እንደሚበላ አስረዳች። ያሳዘናት ሰዉ የሚመጣው ቁስሉ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከተቀባ፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ከተነሰነሰበት በኋላ መሆኑ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ጨምሮ፣ ቆሻሻው እስኪወጣ ደጋግሞ ማጠብ ከዘይቱ በብዙ እንደሚሻል ጻፈች። ቀኑ ከተዘጋጀ ጓደኞቿን ይዛ እንደምትመጣም ቃል ገባች።

ምላሽ 2፦ ከመንደራ ቆጪ ጋሪ የሚነዳ ወንድም ነው። ሐሳቡን አልጠላም፤ ግን ጥያቄዬ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል አለ፦ ጋሪ የሚነዳው ሰውና የፈረሱ ባለቤት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ነጂው በየማታው የተቆረጠ ሒሳብ ለባለቤቱ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። አንድ ቀን ስልጠና ላይ ዋለ ማለት ያንን ሒሳብ ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው። ጠፍር ቀይር ቢባል የሚገዛው ማን ነው? ባለቤቱን ብቻ ብትጠሩ ፈረሱን በቀን አንዴ የሚያይ ሰው ሰበሰባችሁ ማለት ነው፤ ነጂውን ብቻ ብትጠሩ ደግሞ ገንዘብ የማያወጣ ሰው ሰበሰባችሁ ማለት ነው። ሁለቱን አብራችሁ ጥሩ ሲል ደመደመ። ይህ ምላሽ ከጠቅላላው ክር፣ ማለትም ከዚህ የምላሽ ሰንሰለት፣ ይበልጥ የጠቀመኝ ነው።

ምላሽ 3፦ ቁጣ ያዘለ ነው። ላማና አልፓካ የሀብታም ሰው መዝናኛ እንደሆኑ፣ ለራሱ ቁርስ ያልበላ ባለጋሪ ፊት እነሱን ምሳሌ ማድረግ እንደማያምር፣ መጀመሪያ ለሰው ይታሰብ የሚል ነበር።

ምላሽ 4፦ እንግሊዝ አገር አልፓካ የሚረባበት ቦታ የሠራች እኅት ለምላሽ 3 መልስ ሰጠች። እንግሊዝ ውስጥ ብዙዎቹ ባለቤቶች ደህና ኑሮ ያላቸው መሆናቸውን አልካደችም። ግን የእንስሳቱ አገር እዚያ አይደለም፤ ከዓለም አልፓካ አብዛኛው ያለው ፔሩ ነው፣ ላማ ደግሞ ቦሊቪያ ይበዛል፤ የሚያረባቸውም በተራራ ላይ የሚኖር፣ ብዙ ጊዜ ከድህነት ጋር የሚታገል ገበሬ ነው አለች። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አመጣች። ላማ ከክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሦ የማይሞላ ብቻ ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ ሲጫን መሬት ላይ ተኝቶ አልነሳም ይላል፣ ይተፋል። ልምምድ ላይ የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚማሩት ጭነት መመዘንና ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ እንስሳው ራሱ ሥራውን ያቆምባቸዋል።

እኔም ይህን ሳነብ የእኛ አህያ ትዝ አለችኝ። እሷ አልነሳም አትልም። ኩንታል ሙሉ ጭነውባት፣ እሷ ራሷ ከዚያ ብዙም የማትከብድ ሆና፣ ዳገቱን ትወጣዋለች። ዝም ስላለች የቻለች ይመስለናል።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7፦ እዚህ ላይ ክሩ ከርዕሱ ወጣ። አምስተኛው ሰው አልፓካ አምጥተን ደዶ ደጋ ላይ ብናረባስ ብሎ ጠየቀ፤ ጸጉሩ ውድ ነው ሲባል ሰምቷል። ስድስተኛው በእርግጠኝነት አይሆንም አለ፤ ምክንያቱም እንስሳው የሚኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,500 ሜትር ጀምሮ ነው፣ የእኛ ደጋ አይበቃውም። ሰባተኛዋ፣ ያችው ከእንግሊዝ የጻፈችው፣ አረመችው፦ በአንዲስ እንደዚያ ቢሆንም እንግሊዝና አውስትራሊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በደህና ይኖራሉ፤ ከፍታው አይደለም ችግሩ። ችግሩ ከሩቅ አገር እንስሳ ሲገባ በሽታ ይዞ መግባቱ፣ የሚሸልት ባለሙያ አለመኖሩ፣ ሦስት መቶ ስልሳ ቀን አካባቢ እርግዝና ጠብቆ አንድ ግልገል ብቻ የሚያወጣ እንስሳ ለማራባት የሚፈጀው ጊዜ ነው። እርግዝናውን ትንሽ አብዝታዋለች፤ አሥራ አንድ ወር ተኩል ገደማ ነው። የቀረው ግን ልክ ነው። ጸጉር ከተፈለገ መንዝ በግ አለ፣ ባና እና ዝተት የሚሠራበት፤ እሱን ማሻሻል አይቀልም ወይ ስትል ጠየቀች።

ምላሽ 8፦ ከጅጅጋ ግመል ያለው ወንድም ገባ። ግመልና ላማ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ሁለቱም ሰኮና የላቸውም፣ ሁለት ጣትና ለስላሳ መርገጫ ነው ያላቸው። ስለዚህ የላማ ጥፍር አቆራረጥ ለፈረስ ሰኮና በቀጥታ እንደማይሠራ አሳሰበ። ልክ ነው። ከላማ ባለቤቶች የምንወስደው የመሰብሰቡን ዘዴ ነው፤ እጁ የሚማረው ሥራ የየእንስሳው ነው።

ምላሽ 9፦ አጋሮ አካባቢ በበቅሎ ቡና የሚያጓጉዙ አባት ናቸው። ይህን ምላሽ ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው። በቅሎ ጀርባ ላይ ጆንያ ብቻ አጥፎ መጫን የገጣባ መነሻ ነው አሉ፤ ጆንያው ይንሸራተታል፣ ጭነቱም አከርካሪው ላይ ያርፋል። እሳቸው የሚያደርጉት ሌላ ነው። ሁለት ረጅም ከረጢት በለስላሳ ገለባ ጠቅጥቀው ይሰፋሉ፤ አንዱ ከአከርካሪው በስተግራ፣ አንዱ በስተቀኝ ይውላል፤ ሁለቱን ከላይ በሰፋ ጨርቅ ያያይዟቸዋል። አከርካሪው ራሱ በሁለቱ መሃል ባዶ አየር ላይ ይቀራል። ጭነው ሲጨርሱ መዳፋቸውን ከጫንቃው በኩል በአከርካሪውና በጭነቱ መሃል ይሰዳሉ፤ እጅ ካለፈ ደህና ነው፣ ካላለፈ ያራግፋሉ። ገለባው በጊዜ ብዛት ስለሚሞት ከረጢቱን ፈትተው ይሞሉታል፤ ላብ ጠጥቶ ከደረቀም ፀሐይ ላይ አሥጥተው በበትር ይመቱታል። ይህን ከአባታቸው ነው የተማሩት።

እንግዲህ የምንፈልገው አሰልጣኝ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ወረቀት የለውም፤ እጁ ግን ያውቀዋል።

ምላሽ 10፦ ከሊሙ የጻፉ ሌላ አዛውንት ናቸው። ስለ ቁስል ከተነሳ በጋለ ብረት መተኮስ እንዳይረሳ አሉ። ትከሻው የታመመ ፈረስ ተተኩሶ ሲድን በዓይናቸው አይተዋል።

ምላሽ 11፦ ተማሪዋ ተመልሳ መጣች፤ በአክብሮት፣ ግን ጠበቅ አድርጋ። የተተኮሰ ፈረስ ቃጠሎው እስኪሽር ሥራ ስለማይሠራ ያርፋል፤ የሚያድነው ዕረፍቱ ነው፤ ሳይተኮስ ያን ያህል ቢያርፍም ይድን ነበር አለች። መተኮሱ የሚጨምረው ሌላ ቁስል ነው፤ በዚያ በኩል መንጋጋ ቆልፍ ሊገባ ይችላል፣ ፈረስ ደግሞ ለዚህ በሽታ በጣም የተጋለጠ ነው።

ምላሽ 12፦ አንድ ወጣት አዛውንቱን ጨካኝ ብሎ ተሳደበ። ለአባት የማይባል ነገር ነበር፤ ልድገመው አልፈልግም።

ምላሽ 13 እና 14፦ ሁለት ሰዎች ወጣቱን ገሠጹት። አንዱ ለስለስ ብሎ፣ ዘመኑ ያስተማረውን የሚሠራ ሰው ጨካኝ እንደማይባል አስረዳው። ሌላው ግን በቁጣ፣ ስድብ የሚወድ ሰው ሌላ ክር ይፈልግ አለ። ወጣቱ አልመለሰም።

ምላሽ 15፦ የሊሙው አባት ግን ተመለሱ። ስድቡን አላነሱትም። ስለ መተኮሱ የተማሪዋን ነገር አስባለሁ አሉና ሌላ ነገር ጨመሩ። ኮርቻ ወይም ጭነት በትክክል መቀመጡን የሚያውቁት ሲያራግፉ ነው። ከሩቅ መንገድ በኋላ ጀርባው እኩል በላብ ከራሰ ጥሩ ነው። በላቡ መሃል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ግን እዚያ ላይ ጭነቱ በጣም ተጭኗል፤ ላብ እንኳ መውጣት አልቻለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ጸጉሩ ይነሳል፣ ቀጥሎ ቆዳው። በኋላ እዚያ ላይ ነጭ ጸጉር ካበቀለ የድሮ ቁስል ምልክት ነው። ተማሪዋ ይህን ስታነብ ክፍል ውስጥ የተማሩት ይኸው እንደሆነ፣ እንዲህ በግልጽ ግን ያስረዳት እንደሌለ ጻፈች። በዚህ ክር ደስ ካለኝ ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ሐሙስ ዕለት አንድ አህያ ጎንና ጎን ቆመው ባይ እወዳለሁ።

ምላሽ 16፦ ከሰርቦ ነው። ፈረሱ እግር ላይ እንደ ቋጠሮ ተሰልፎ የወጣ እብጠት ነበረው፤ እየፈነዳ መግል ያወጣል፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይከተላል። ከአንድ መድኃኒት ቤት መርፌ እየገዛ ቢያስወጋውም አልተሻለውም፤ ፈረሱ ሞተ። ጠፍሩን ከገበያ ያገለገለ ገዝቶ እንደነበር አስታውሶ ከዚያ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 17፦ የመለሰችው ያችው ተማሪ ናት። የተገለጸው ኤፒዙኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ ከሚባለው በሽታ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ሳይመረመር ግን ማረጋገጥ እንደማይቻል ጻፈች። በሽታው የሚመጣው በፈንገስ ነው፤ ስለዚህ የተለመደው የባክቴሪያ መርፌ አይነካውም። የሚገባው በቁስል ነው፤ ዝንብም ከቁስል ወደ ቁስል ያደርሰዋል፣ የጋራ ጠፍርና ብሩሽም እንዲሁ። አገራችን ውስጥ የሚበዛው በጋሪ ፈረሶች ላይ ሲሆን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ያላቸው፣ ሞቃትና እርጥብ ቦታዎች ይመቹታል። ጅማ ከ1,700 ሜትር ትንሽ በለጥ የምትል፣ ዝናቧ የማያልቅ ከተማ ናት፤ ልክ መሃሉ ላይ ነች። ገና በጅምሩ ከተያዘ አዮዲን ባላቸው መድኃኒቶች የመዳን ዕድል አለው፤ ከቆየ ይከብዳል። ስለዚህ ያገለገለ ጠፍር ሳይታጠብና ፀሐይ ሳያገኝ አለመጠቀም፣ የታመመን ፈረስ ለይቶ ማሰር፣ ትንሿን ቁስል ሳይንቁ ማጠብ። ይህ የአንድ ቀን ትምህርት ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ፈረስ ነው።

ምላሽ 18፦ አጭር ነው። ቦዬ አካባቢ ረግረግ ውሃ የሚጠጡ ፈረሶች አፋቸው ውስጥ አልቅት ይዘው እንደሚመጡ፣ አፉ የደማ ፈረስ ሲታይ ከምላሱ ሥር ማየት እንደሚገባ አንድ ሰው አስታወሰ። ጨው የያዘ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ መያዝ ያስለቅቀዋል፤ ይህንንም ለማሳየት ፈቃደኛ ነው።

ምላሽ 19፦ አሁን ነገሩ ወደ አበል ሄደ። ከዚህ በፊት አንድ የከብት ስልጠና ላይ የተጋበዘ ሰው በምሬት ጻፈ። አዳራሽ ውስጥ ባነር ተሰቅሎ ነበር፣ ንግግር ተደረገ፣ በስላይድ የላም ሥዕል ታየ፣ ሻይ ቡና መጣ፣ አበል ተፈርሞ ተወሰደ። አዳራሹ ደጃፍ ላይ አንድም ከብት አልነበረም። ሰዉ ሲወጣ የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ማነስ ነበር። ያ ከሚደገም ይቅር ሲል ደመደመ።

ምላሽ 20፦ በእነዚህ ስልጠናዎች ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ተቆጣ። አበል ስግብግብነት አይደለም አለ፤ ምላሽ 2 ላይ እንደተባለው ሰው የእለት ገቢውን ትቶ ነው የሚመጣው። ደሃን በነጻ ዋል ማለት ቀላል ነው፣ ደመወዝ ላለው።

ምላሽ 21፦ የምላሽ 19 ሰው ስም ሳይጠራ፣ አበሉ ለማን እንደሚበዛ እናውቃለን የሚል ነገር ጣለ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ምላሾች በሁለቱ መሃል ስለሆኑ ዘልዬአቸዋለሁ።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ሰውን ከሥራው አውጥተን ሌላ ቦታ እንጠራዋለን ብለው ነው። እንስሳውና ባለቤቱ ቀድሞውኑ ቆመው የሚውሉበት ቦታና ሰዓት ካለ እኛ ወደዚያ እንሂድ። ገጠሬው ሐሙስ ጠዋት ጭነቱን አራግፎ አህያውን ያስራል፤ ሸጦ፣ ገዝቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪመለስ አህያዋ ባዶ ጀርባዋን ለሰዓታት ትቆማለች። ጀርባ ለማየት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ሰውየው ምንም አያጣም።

ምላሽ 27፦ ከሰቃ ጨቆርሳ የጻፈ መምህር፣ ይህ ሁሉ ውይይት በአማርኛ መሆኑ ጥሩ ቢሆንም ሐሙስ ገበያ የሚመጣው ገበሬ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ መሆኑን አሳሰበ። የሚያሳየውም የሚያስረዳውም ሰው በዚያ ቋንቋ ይሁን አለ። የአጋሮውና የሊሙው አባቶች ሁለቱንም ስለሚናገሩ ይህ አይከብድም።

ምላሽ 28፦ ከቦንጋ የመጣ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ በጎች ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያካሂደው የማዳቀል ሥራ ጀመሩ። የሚዳቀለውን አውራ የሚመርጡት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ጠቦቶቹ አንድ ቦታ ይቀርባሉ፣ ልኬታቸው ይነበባል፣ ከዚያ ሰዉ እየዳሰሰ፣ እየተከራከረ ይመርጣል፤ የተመረጠው አውራ ለጋራ ይውላል። የቀረው ሰው የጎረቤቱን በግ ስለሚያይ በሚቀጥለው የራሱን አሳምሮ ይመጣል። ይህ ምላሽ ላማዎቹ ዘንድ ያየሁትን ነገር፣ ነጥብን ከጎረቤት ነጥብ ጋር ማስተያየትን፣ ሩቅ ሳንሄድ ቦንጋ ላይ አሳየኝ።

ምላሽ 29፣ 30 እና 31፦ ጅማ ሲነሳ ፈረስ መነሳቱ አይቀርም። አንዱ ዳግማዊ አባ ጅፋር የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው መሆኑን አስታውሶ፣ ጅሬን ቤተ መንግሥት ግቢ ላይ የፈረስ ቀን ቢደረግ አለ። ሌላው የንጉሡን ዘመን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. መሆኑን ጠቅሶ ስለ ታሪክ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ሦስተኛዋ አባቷ በ1952 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጅማ ግብርና ትምህርት ቤት ተማሪ እንደነበሩ፣ ያኔ እንስሳ ሳይነኩ የሚታለፍ ትምህርት እንዳልነበረ ይነግሯት እንደነበር ጻፈች። ጅሬን ላይ በዓል ማድረግ መልካም ነው፤ ግን ዳገቱን ለመውጣት ያን ቀን የሚመጡት የተዋቡት ፈረሶች ናቸው። እኔ የምፈልገው የቆሰሉትን ነው።

ምላሽ 32፦ ቁም ነገር ይዞ መጣ። የትል መድኃኒት ሰው ሁሉ በግምት እንደሚሰጥ፣ ያነሰ መጠን ደግሞ ትሉን እያለማመደው እንደሚሄድ አስረዳና የፈረስን ክብደት በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት እንደሚቻል አሳየ። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ በሴንቲ ሜትር ይለኩታል፤ ያንን ቁጥር በራሱ ያባዙታል። ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ባለው ርዝመት እንደገና አባዝተው ለ11,880 ያካፍሉታል። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 125 ቢሆን 206 ኪሎ ይመጣል። ስልክ ያለው ሁሉ ይህን ማስላት ይችላል። ለአህያ ስሌቱ ሌላ ስለሆነ ይህንኑ እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋል።

ምላሽ 33 እስከ 36፦ መቼ ይሁን የሚለው ላይ ነበሩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ በቅሎና አህያ ፋታ የለውም። ክረምት ጭቃው አያስቆምም። የካቲት ጥሩ ነበር፤ ግን በእነዚህ ዓመታት ረመዳን እዚያ ላይ ስለሚወድቅ ሰው ጾም ይዞ ፀሐይ ላይ ማቆም አይገባም የሚለው ሐሳብ ሁሉንም አስማማ። ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ሐሙስ ተመረጠ። ጋሪ ነጂዎች ግን ሐሙስ ከሰዓት ሥራ የሚበዛባቸው ቀን ስለሆነ ለእነሱ እሑድ ከሰዓት ለብቻው እንዲሆን ተነጋገርን፤ አርብ ለጁምዓ ይቀራል።

ምላሽ 37፦ የመንደራ ቆጪው ጋሪ ነጂ ተመለሰ። የፈረሱን ባለቤት አነጋግሮታል። ባለቤቱ መጀመሪያ ምን ታስወጡኛላችሁ ብሎ ተጠራጥሮ ነበር፤ የደረት ጠፍሩ ከመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ከውስጥ በኩል በጨርቅ ሊሸፈን እንደሚችልና ወጪው ትንሽ እንደሆነ ሲሰማ እሑዱን አብሮ ለመምጣት ተስማማ። ሰኮና መሞረድ ላይ ግን ሥጋት አለው፤ ፈረሱ የኋላ እግሩን አያስነካም። ተማሪዋ ለዚህ መልስ ሰጥታዋለች፦ ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ከጋሪው ሲፈታው እጁን ከወገቡ ላይ አሳርፎ፣ ሳያነሳ ቀስ እያለ ወደ ጭኑ፣ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ያውርድ፤ ፈረሱ ሳይረበሽ የቆመበት ላይ ያቁም፣ በማግሥቱ ትንሽ ይጨምር። እግሩን ለማንሳት አይቸኩል። ላማዎቹን በአጣና ላይ የሚያሻግሯቸው ሰዎች የሚያደርጉትም ይኸው ነው።

እስካሁን ያለን ይህ ነው። ለሐሙስ ሁለቱ አባቶች፣ ተማሪዋና ጓደኞቿ፣ የአልቅቱ ወንድም አሉ። ለእሑድ አንድ ፈረስ፣ አንድ ነጂና አንድ ባለቤት አለን፤ ሌሎች ጋሪ ነጂዎች እንዲጨመሩ እየጠየቅን ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያውሰን ገና አልተገኘም፤ ካልተገኘ የፋንድያ ምርመራው ለሌላ ጊዜ ይቆይ፣ ቀሪው በእሱ ምክንያት አይቅር። የሚጎድሉን የሰኮና ቢላ፣ ጥርሱ ያላለቀ ሞረድ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ የማይፈለግ ከመነዳሪ፣ የጆንያ መስፊያ ወስፌና ንጹሕ ገለባ ናቸው። ማዋስ ወይም መስጠት የምትችሉ ምን እንዳላችሁና በየትኛው ቀን ማምጣት እንደምትችሉ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ።